ስንቅ ወደ ላይኛው ፎቅ

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

መምህሬ በሆላንድኛ ያለችው፣ ኑስራ፣ ማለት እኔ፣ አባቷ ከእናንተ በላይ ባለው ቤት ተቆልፎበት እንደሚኖር ለክፍሉ ልጅ ሁሉ እያወራች ነው፤ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ? ነበር። እኔ ለእናቴ የተረጎምኩላት ግን፣ «ኑስራ ዳቦዋን ሳትጨርስ ትመልሳለች ነው የምትለው» ብዬ ነው።

እናቴ ሻርፗን አስተካከለች። «ቀዝቃዛ ዳቦ አይወርድላትም። ምን ላድርጋት፣ አንቄ አላጎርሳት።»

እኔም ወደ መምህሬ ዞሬ፣ እናቴ በቅርቡ ይወጣል ብላለች አልኳት።

የመምህሬ ዓይን እንባ አቀረረ። እጇን ዘርግታ የእናቴን እጅ ያዘች። እናቴም ለአንድ ቁራሽ ዳቦ እንዲህ የሚያዝን ሕዝብ አይታ ስለማታውቅ ነው መሰለኝ፣ በአክብሮት አንገቷን ደፋች። ሁለቱ ሴቶች እንዲያ ተያይዘው ሲተካከዙ እኔ መሐላቸው ቁጭ ብዬ እግሬን አወዛውዝ ነበር።

ስምንት ዓመት ተኩሌ ነው። ቦታው ሆላንድ፣ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር፤ ዘመኑ በፈረንጅ ዘጠና ሦስት። ዛሬ አርባ አንዱን ጨርሼ እዚያው ሻርሎይስ አለሁ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አሮጊት አለብሳለሁ። ያኔ የማምነውን ነገር አንዳንዴ ደረጃ ስወጣ አስታውሰውና ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታው ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳልደርስ ያልቃል።

አባቴ ላይኛው ፎቅ መኖሩን የደረስኩበት አስቤ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። እናቴ ስለ እሱ የምትነግረኝ አንድ ታሪክ ብቻ ነበራት። ዳውድ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፣ የእርዳታ እህል ደሴ ድረስ ያመላልሳል። ሰሜኑ በጦርነት ይነድ ነበርና መንገደኛ ሁሉ ይጠረጠራል። አንድ ማለዳ የደህንነት ሰዎች መጥተው፣ ለወንበዴ ደብዳቤ ታደርሳለህ ብለው ከመኪናው አወረዱት። እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም። ከዚያ ወዲያ እናቴ እኔን አዝላ፣ ባለ ሦስት ደርቡን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ በየቀኑ ወደ እስር ቤቱ በር ሄደች።

በሩ ላይ ማንም ለማንም ምንም አይናገርም። ባሌ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የለም፤ የጠየቀ ራሱ ገብቶ ያየዋል። የሚታወቀው በስንቁ ነው። ከተቀበሉሽ ሰውሽ አለ፤ ከእንግዲህ አታምጪ ካሉሽ የለም። «ዘጠኝ ወር ሙሉ ተቀበሉኝ» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ሌላዋ ሴት ባሌ ወርቅ ገዛልኝ በምትልበት ድምፅ። በዘጠኝ ወሩ «ተዛውሯል» አሏት። ወዴት እንደሆነ አልነገሯትም። ቢሆንም ተዛውሯል ማለት የለም ማለት አይደለም። እናቴ በዚያች ቃል ላይ እንደ ጀልባ ተሳፍራ ነው ሱዳንን አልፋ ሆላንድ የገባችው። መንግሥት ተለወጠ፣ እስር ቤቶቹ ተከፈቱ፣ አባቴ አልመጣም። እሷ ግን ከጀልባዋ አልወረደችም። የማዘጋጃ ቤቱ ፎርም «ባለትዳር ነሽ ወይስ ባልሽ ሞቷል?» ሲላት ሁለቱንም ሳጥን ባዶ እየተወች ትመልስ ነበር፤ እነሱም መልሰው ይልኩላታል።

ከአባቴ የቀሩን ሦስት ወረቀቶች ናቸው። በዘጠኙ ወር ውስጥ ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከክዳኑ ሥር የተጠቀለለ ብጣሽ ተገኝቶ ነበር። ሦስቱም ላይ ያለው ያው ነው። «ደህና ነኝ። ስንቁ ደርሶኛል። አታስቡ።» እናቴ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጣቸዋለች፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት በእነሱ ነው። የመጀመሪያዬ ፊደል ሀ አልነበረም፤ ደ ነው። ደህና ነኝ ከሚለው። አባቴ ጽሕፈት የተማረው ጎልማሳ ሆኖ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለነበር ከዚያ በፊት ለእናቴ ጽፎላት አያውቅም። ምን ብሎ ይጽፍላታል፣ አንድ ቤት እየኖሩ? ስለዚህ ያንን የተቀረጸ የመሰለ ውብ ጽሑፍ ስታይ ገርሟት ነበር። «አስተማሪዎችም አብረው ታስረው ነበር፤ እነሱ አሠልጥነውት ይሆናል» ትለኛለች። ትኮራበት ነበር።

ጋሼ ይመር ከእኛ በላይ ያለውን ቤት የተከራየው ያን ዓመት በመጸው ነው። ቀጭን፣ ለቋንቋ ትምህርት ቤት እንኳ ክራቫት የሚያስር፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኝ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ እስኪደርስ የሚጠጋ ሰውዬ። የወሎ ሰው መጣ ብላ እናቴ ልትቀበለው ወጣች። ደረጃው አጋማሽ ላይ ተገናኙ። እሷ ሰላምታውን ጀምራ አልጨረሰችውም። እሱ የያዘውን የሩዝ ከረጢት ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ሁለቱም የረሱት ነገር እንዳለ ሁሉ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በነጋታው እናትነሽ መጣች። እናትነሽ ምድር ቤት የምትኖር፣ ሄግ ድረስ በባቡር እየሄደች ቢሮ የምታጸዳ፣ ለእናቴ እንደ እህት የሆነች የአዲስ አበባ ሴት ነች። ወጥ ቤት ዘግተው ሲንሾካሾኩ በሩ ሥር ተቀምጬ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። የእስር ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጦ ስንቁን ይቀበል የነበረው እሱ ነው አለች እናቴ። መዝገብ ይዞ። እኔን ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ አለቻት። እናትነሽ ወይ ለፖሊስ ንገሪ ወይ ጨርሰሽ ተይው ስትላት፣ እናቴ ምን ብዬ ልክሰሰው፣ ምግቤን ተቀበለኝ ብዬ? አለች። ከዚያ ድስት ሲነሳ ተሰማኝ።

በዚያው ሳምንት ባለ ሦስት ደርቡ ምሳ ዕቃ ከቁም ሣጥን ወጣ። ታችኛው ላይ ሩዝ፣ መካከለኛው ላይ ምስር፣ ላይኛው ላይ ከቱርኩ ሥጋ ቤት የተገዛ የዶሮ ክንፍ። እናቴ ደረጃውን ወጥታ አንኳኳች፣ እሱ ተቀበላት፣ ተመለሰች። በሁለተኛውም ቀን። በሦስተኛውም።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ናችሁ እንበል። ስንቁን ከተቀበሉሽ ሰውሽ አለ ተብላችኋል። ያው ሰውዬ፣ ያው ምሳ ዕቃ፣ ያችው እናት። ሸምበቆ የሚያህል ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ምግብ አይበላም። ታዲያ ምን ልታስቡ ኖሯል? እኔ አባቴ ተዛውሮ ተዛውሮ በመጨረሻ እኛው ጣራ ላይ እንደ ደረሰ ገባኝ። የገረመኝ ትልልቆቹ አለመናገራቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በሩ ላይ ማንም ለማንም አይናገርም በሚለው ተፈታልኝ።

እናትነሽ አሁን አርጅታ አምስተርዳም ኖርድ ነው ያለችው። አምና ልጠይቃት ሄጄ፣ የማሻገሪያው ጀልባ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ያን ጊዜ ምን እየሆነ እንደነበር ጠየቅኋት። «እናትሽ ጥያቄ መጠየቅ የምታውቀው በምሳ ዕቃ ነበር» አለችኝ። «ልመና አልነበረም፣ ምጽዋትም አልነበረም። በየቀኑ ባሌ የት ነው እያለችው ነው። እሱ ደግሞ በየቀኑ እየበላ ዝም።» እናትነሽ ቀልድ አያልቅባትምና ያኔ ለእናቴ፣ አንቺ ሴትዮ ወይ አግቢው ወይ መርዝ ስጪው፣ መሐል ላይ ቆመሽ የሻርሎይስን ሩዝ አትጨርሺ ብላት ነበር አሉ። እናቴ ያን ቀን አልሳቀችም።

ጋሼ ይመርን እኔ አልጠላሁትም። ዘበኛ ቢሆንም ደህና ዘበኛ ነው። የብስክሌቴን ፍሬን በማንኪያ እጀታ ጠግኖልኛል። አንድ ነገሩ ብቻ ያሳዝነኝ ነበር፤ መጻፍ አይችልም። የደረጃው ማጽጃ ተራ በር ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ስሙን ይጽፋል፣ እሱ መነጽሬ ጠፍቷል ብሎ እናትነሽን ያስጽፋል። ከቢሮ ደብዳቤ ሲመጣለት እጄ ይንቀጠቀጣል ይላል። እና አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቼው፣ አንተ፣ ፊደል አታውቅም እንዴ፣ ላስተምርህ? አልኩት። እናቴ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። ጋሼ ይመር ሳቀ። ከሀ ጀምሮ ሁሉን ረስቼዋለሁ አለኝ።

የሆላንድ ትምህርት ቤት ረቡዕ ከሰዓት ዝግ ስለሆነ የረቡዕን ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ረቡዕ ከሒሳብ ደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩ። «አባቴ እኔ ኑስራ ነኝ። ከሥርህ ነው ያለነው። ከሰማኸኝ በእግርህ ሁለት ጊዜ ምታ።» ጠቅልዬ ላይኛው ክዳን ሥር አደረግሁት፤ ወረቀት የሚላክበት ቦታ እዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ለጋሼ ይመር ሰጥቼው ወረድኩ።

እራት ስንበላ ጣራው ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አለ።

እናቴ ቀና ብላ ምን ወደቀበት ደግሞ አለች። እኔ የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ውሃ አጠጣችኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ፣ ቀስ ብለሽ ብይ አለችኝ። ደስታ ሰው እንደሚያንቅ የማውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በነጋታው ባዶውን ምሳ ዕቃ ለማጠብ እኔ ቀደምኩ። ከክዳኑ ሥር ብጣሽ አለች። «ልጄ ኑስራ፣ ደህና ነኝ። ስንቁ ደርሶኛል። አታስቡ። ለእናትሽ አትንገሪ፣ ትጨነቃለች።» ጽሑፉን ሳየው የተጠራጠርኩት ነገር ሁሉ ቀረ። ያ ደ ነው። ያቺ እግሯን እንደ ሙሽራ ሰብሰብ ያደረገች ነ ነች። በዓለም ላይ ከማንኛውም ጽሑፍ አስቀድሜ ያወቅሁት እጅ ነው። የአባቴ እጅ።

አራት ጊዜ ተጻጻፍን። መቼ ትወጣለህ ብዬ ስጠይቀው፣ ጉዳዬ እየታየ ነው፣ አንቺ በትምህርትሽ በርቺ አለኝ። ምን ትወዳለህ ብለው ምስሩ ጥሩ ነው አለ። ጋሼ ይመር ይመታሃል? ብዬ የጻፍኩለት ደግሞ አለ። መልሱ የመጣው ከሌሎቹ በሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። «አይመታኝም። እሱም እንደ እኔ ነው።» ወረቀቶቹ ሁሉ ዛሬም እኔ ጋ ናቸው። ሌሎቹን ካነበብኩ ቆየሁ፤ ይህችን ግን አልፎ አልፎ አወጣታለሁ፣ እንዴት ብዬ እንደምቀየማት እስካሁን አልተማርኩም።

ለእናትሽ አትንገሪ አለ እንጂ ለክፍል ልጆች አትንገሪ አላለም። ስለዚህ ነገርኩ። ስለዚህም ነው መምህሬ ያስጠራችን።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ወደ ትራም ማቆሚያው ሄድን። ዝናብ ያካፋል። መንገድ ልንሻገር ስንል እጄን ያዘችና ፊት ለፊት እያየች ተናገረች።

«ፋደር አባት ነው። ቦቨን ላይ ነው። ዳቦ ደግሞ ብሮት ነው፤ ሱቅ ሄጄ የምገዛው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜም ብሮት አላለችም።»

እጇን እንደያዝኩ አንድ ኩሬ ዘለልኩ።

«ምን አልሽ ስለ አባትሽ?»

እቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ፣ ትደሰቻለሽ አልኳት። እውነቴን ነበር። በዚያ ዝናብ ውስጥ እየዘለልኩ ነበር የምሄደው።

ከፍራሼ ሥር አራቱን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። እናቴ ካፖርቷን አላወለቀችም። የመጀመሪያውን አንስታ አየች፣ እና ፊቷ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጅ ሆነች። በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ከአባቴ ጋር የተነሣችው ፎቶ ላይ ያለችውን ልጅ መሰለች። ዓይኗን ወደ ጣራው አነሣች፣ አፏ ተከፈተ፣ ስም ልትጠራ ነበር። ይህ የቆየው ማሰሮ እስኪከደን ነው። ከዚያ ወረቀቱን አገላበጠችው። የሆላንድ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ነበር። እኔም የምታገላብጠው ከደስታ ነው አልኩ።

ላስቲኩን ከመታወቂያዋ ሥር አወጣች። የድሮዎቹን ሦስቱን ከአዲሶቹ አራት ጎን አስቀመጠች። ደን ከደ አስተያየች፣ ነን ከነ። ለረጅም ጊዜ። እጅ ጽሑፍን ሳያነቡ በዓይን ብቻ መለየት አይሆንላትም ነበርና በጣቷ እየተከተለች ደጋግማ አነበበቻቸው፣ ሰባቱንም፣ እንደ እኔ ፊደል ስቆጥር። ከዚያ ሦስቱን አነሣች። አራቱን ተወቻቸው።

«ነይ» አለችኝ።

ያን ቀን ምሳ ዕቃ አልያዘችም። ባዶ እጇን ወደ ላይ ስትወጣ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ልናመጣው ነው አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ይፈታል። አንኳኳች። ጋሼ ይመር ክራቫቱን አላልቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ እየታየ፣ በሩን ከፈተ። በክንዱ ሥር አጮልቄ አየሁ። አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አንድ ሳህን። አባቴ የለም። መጸዳጃ ቤት ይሆናል ብዬ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ።

ጋሼ ይመር እኔን አየ፣ የእናቴን መዳፍ አየ፣ መጀመሪያ ያነሣው የኔን ነገር ነው። ልጅቷ እንዳታዝን ብዬ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ሕፃን ስትጽፍልኝ ምን ላድርግ አለ። እናቴ አልመለሰችለትም። ሦስቱን ብጣሾች መዳፏ ላይ ዘርግታ አስጠጋችለት።

«የትኛው ነው የሱ?» አለችው። «ካንተ ጽሑፍ ውስጥ የሱን ለይተህ አውጣልኝ። አንድ ትበቃኛለች።»

አንተ አለችው። እኔ የተቆነጠጥኩባትን ቃል እሷ በአፏ ስትላት ሰማሁና ቤተሰብ መሆናችን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ጋሼ ይመር ከሸሚዝ ኪሱ መነጽር አወጣ። ጠፍቶበት የነበረውን። ወደ ደረጃው መብራት ጠጋ ብሎ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሣቸው፣ እንደ አዲስ፣ ምናልባት ረስቼ እንደሆነ እንደሚል ሰው። ኳሱ ላይ ጎል ገብቶ ሕዝብ ጮኸ። እሱ መልሶ መዳፏ ላይ አስቀመጣቸው።

«የሱን እጅ ጽሑፍ አይቼው አላውቅም» አለ።

የመጀመሪያዋ ወረቀት የመጣችው አባቴ በታሰረ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያኔ አባቴ በሕይወት እንዳልነበረ እኔ ዛሬ አውቃለሁ፤ እናቴ እዚያው ቆማ አወቀች። ከዘጠኙ ወር ስምንት ወር ተኩሉን፣ ምናልባትም ሁሉንም፣ ለሌለ ሰው ነበር ያበሰለችው። በሩ ላይ ለቅሶ እንዳይሰማ ነበር ትእዛዙ አለ ጋሼ ይመር፣ ማንም ሳይጠይቀው። ወረቀት ሲገባላቸው ሴቶቹ ዝም ይላሉ አለ። ስትሄጂ ትስቂ ነበር ብሎም ጨመረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ትእዛዝ ይሁን፣ አዝኖላት ይሁን፣ ዘበኞቹ ምግቡን ስለፈለጉት ይሁን፣ ከሦስቱ አንዱ ነው ወይም ሦስቱም ነው። እናቴ እስክትሞት አልነገረችኝም፤ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሞት የማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ላይ በትዳር ሁኔታ አንጻር «አይታወቅም» ይል ነበር። ተስተካክሎ እንዲጻፍ ብጠይቅ የባሏን የሞት ቀን አምጪ አሉኝ።

እሷም ያን ቀን ደረጃው ላይ የጠየቀችው እሱኑ ነበር። ስለ ወረቀቶቹ አንድም ቃል አልጨመረችም። ሐዘን የሚቀመጡበት፣ ዱዓ የሚያስደርጉበት፣ በየዓመቱ የሚያስታውሱት አንድ ቀን ነው የፈለገችው። ወረቀቶቹን ጨበጠችና በጣም በዝግታ፣ በሩ ላይ ስንቅ የሚያቀብል ሰው በሚያወጣው ድምፅ፣ «ቀኑንስ?» አለችው። «መዝገብ ይዘህ ነበር። የሞተበትን ቀን ንገረኝ።»

ጋሼ ይመር መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አሰበ። ሊረዳት ከልቡ የፈለገ ይመስል ነበር።

«እኔ የምመዘግበው ስንቅ የገባበትን ቀን ነው» አለ። «በሱ ከሆነ አንድም ቀን አልቀረሽም።»